ትዝታው ሙሉ፣ ሥራው ጎደሎ
የአንባቢያን ጥያቄዎችና የባለሙያዎች መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ «ይረሳል»፣ «ትረሳለች» ብለው ይጀምራሉ። ዝርዝሩ ሲነበብ ግን የብዙዎቹ ችግር መርሳት አይደለም፤ ሥራን በቅደም ተከተል ማሰብ፣ መጀመር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር፣ ራስን መግታት ላይ ነው። ባለሙያዎች ኤክስኪዩቲቭ ፋንክሽን ይሉታል፤ እኛ እዚህ «የመምራት ችሎታ» እንለዋለን። በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በኤችአይቪ፣ በሚጥል በሽታና በስትሮክ ሁሉ ሊዳከም ይችላል። የጥናቶቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ደም ግፊትና ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። የድሮ ነገር ሲጠየቁ ቀኑን ሳይቀር ይናገራሉ፤ ሱቃቸው ግን እየተበላሸ ነው። ያላለቀ ዕቃ ያዝዛሉ፣ ያለቀውን ይተዋሉ፣ መልስ ሁለቴ ይሰጣሉ፣ ለማያውቁት ሰው በዱቤ ይሸጣሉ። ኪኒናቸውንም ደግመው ወስደው ያውቃሉ። ሐኪም ዘንድ ፈተና ተሰጥቷቸው ከ30 27 ስላገኙ «ደህና ናቸው» ተባልን። እውነት ደህና ናቸው? (ከደሴ)

መልስ፦ ፈተናው አልዋሸም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። የተሰጣቸው ኤምኤምኤስኢ የሚባለው ከሆነ፣ በ1975 የወጣ የቆየ መለኪያ ነው። ከ30 ነጥቡ 10 ቀንና ቦታ ማወቅ ነው፤ 8 ቋንቋ፤ 6 ሦስት ቃላትን መቀበልና በኋላ ማስታወስ፤ 5 ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠር፤ 1 ሥዕል መገልበጥ። ማቀድን፣ ሥራ መቀያየርንና ራስን መግታትን በቀጥታ የሚጠይቅ ክፍል የለውም። አባትዎ ደግሞ የተቸገሩት እዚያ ላይ ነው።

ምክንያቱም ከሕመሞቻቸው ጋር ይገጥማል። ከፍተኛ ደም ግፊትና ስኳር ለዓመታት ሲቆዩ ቀጫጭኖቹን የአንጎል ደም ሥሮች ይጎዳሉ። እነዚህ ሥሮች የሚመግቡት የአንጎልን የፊት ክፍል ከውስጠኛው ክፍል ጋር የሚያገናኙትን ረጃጅም የነርቭ መስመሮች ነው። መስመሮቹ ሲላሉ ሰውየው የሚያውቀውን አያጣም፤ የሚያውቀውን በጊዜውና በቅደም ተከተሉ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። በአልዛይመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገርን መያዝ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ፍንጭ ማየት ይቻላል፦ ትናንት የሆነውን ሲጠየቁ መጀመሪያ ጠፍቷቸው «እህልን የሚመለከት ነው» ሲባሉ ከመጣላቸው መረጃው ገብቷል፤ ማውጣቱ ነው የከበዳቸው። ይህ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ደም ሥር ላይ ከመደምደም በፊት በቀላሉ የሚስተካከሉ ነገሮች ይፈተሹ። የመጀመሪያው የስኳር መውረድ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነና ምሳ ከዘገየ፣ ስኳራቸው ከ70 በታች ወርዶ ሒሳብ የሚሳሳቱት ያኔ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱ በተፈጠረበት ሰዓት ይለኩላቸው። ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ይቀንሰዋል። የታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ የኩላሊት፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራም መደረግ አለበት። ከዚያ የመድኃኒት ከረጢታቸውን እንዳለ ይዘው ሐኪም ፊት ያፍስሱት። ለሕመም ወይም ለእንቅልፍ የተሰጠ አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋን ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ክሎርፌኒራሚን፣ ዲያዜፓም፣ ትራይሄክሲፌኒዲል፣ እያንዳንዳቸው በአረጋዊ ሰው ላይ ሐሳብን ያደበዝዛሉ፤ ሁለቱ ሲደራረቡማ ይብሳል። ሌሊት የሚያንኮራፉና ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ጆሯቸው ከደከመ፣ ወይም ድባቴ ካለ እነዚህም ይነገሩ።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ማለት ይገባል፤ ብዙ ቤተሰብ «ስኳሩን አጥብቀን ብናወርደው አእምሯቸው ይመለሳል» ብሎ ያስባል። አኮርድ ማይንድ የተባለው ጥናት ስኳር ያለባቸውን 2,977 ሰዎች ለ40 ወራት ተከታትሎ ውጤቱን በ2011 ሲያወጣ፣ ስኳርን አጥብቆ ማውረድ የአእምሮ ፈተና ውጤትን አላሻሻለም። ዋናው የአኮርድ ጥናትም በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ባሉት ላይ ሞት ስለበዛ ያንን ክፍል በ2008 አቁሞታል። የግንዛቤ ችሎታቸው ለተዳከመ አረጋውያን የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር የደም ስኳር የሦስት ወር አማካይ ከ8 በመቶ በታች ከሆነ ይበቃል ይላል። ደም ግፊት ላይ ነገሩ ይለያል። በ2019 የወጣው ስፕሪንት ማይንድ ከ9,300 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙት ከ140 በታች ከተባሉት ይልቅ ቀላል የግንዛቤ መዳከም በ19 በመቶ ቀንሶባቸዋል። ይሁን እንጂ ስኳር ያለባቸው በጥናቱ ስላልተካተቱ፣ ለአባትዎ ልኩን የሚወስነው ሲነሡ የሚያዞራቸው መሆን አለመሆኑን ያየ ሐኪም ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ተቀምጠውም ቆመውም እንዲለኩ ይጠይቁ።

ለቀጠሮው የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ። «ሒሳብ ተሳሳቱ» አይበቃም፤ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ደረጃ ላይ (መደመሩ ላይ፣ መልስ መቁጠሩ ላይ፣ ወይስ ሌላ ሰው መሐል ሲገባ)፣ ስኳራቸው ያኔ ስንት ነበር። ሰው ሲያቋርጣቸው ብቻ የሚሳሳቱ ከሆነ ያ ራሱ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ሱቁን በተመለከተ ምክር አያብዙባቸው። «አባዬ ተጠንቀቅ» የሚለው ቃል የሚሠራው ጥንቃቄን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ሲሠራ ነው። የአሠራሩ ሥርዓት ይቀየር፦ ሽያጩ መልስ ከመሰጠቱ በፊት ደብተር ላይ ይጻፍ፤ መልስ እስኪሰጥ የገዢው ብር መሳቢያ ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ ዱቤ ስማቸው አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ለተለጠፈ ሰዎች ብቻ ይሁን፤ ትዕዛዝ በሳምንት አንድ ቀን መደርደሪያው ከሌላ ሰው ጋር ታይቶ ይደረግ። ኪኒናው ለሳምንቱ 14 ትንንሽ ፖስታ ላይ ቀንና «ጠዋት»፣ «ማታ» ተጽፎ ይከፋፈል፤ ባዶው ፖስታ አይጣል፣ መወሰዱን የሚያሳየው እሱ ነው። የሚፈርሙበት ማንኛውም ወረቀት፣ በተለይ የዋስትና፣ አንድ ቀን ይደር። ውክልና የሚያስፈልግ ከሆነም ዛሬ፣ ፈቃዳቸውን በግልጽ መናገር በሚችሉበት ጊዜ፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ከመጣች ስድስት ዓመት ሆናት፤ የተማረችው እስከ 4ኛ ክፍል ነው። ሞካ የሚባል ፈተና በስልክ አስተርጓሚ ተሰጣትና ከ30 17 አገኘች። የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል አሉን። ቤት ውስጥ ግን ምንም አላየንባትም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሞካ በሞንትሪያል ተዘጋጅቶ በ2005 የወጣ ነው፤ የመምራት ችሎታን ከላይ ከጠቀስነው ፈተና በተሻለ ያያል። 26ና ከዚያ በላይ ደህና ይባላል፤ 12 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። 4ኛ ክፍል ላቆመችና 12ኛን ለጨረሰች እኩል 1 ነጥብ መስጠት ግን ክፍተቱን አይሞላም።

ከጠፉት 13 ነጥቦች ውስጥ ከሕመም ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ወረቀቱን ጠይቀው አብረን እንደምናየው ይዩት። ቀን ማወቅ ላይ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ አንዳንድ ነጥብ አላቸው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 የተጠየቀች እናት «ጥር 7 ቀን 2017፣ ረቡዕ» ብትል ፍጹም ትክክል ናት፤ ያልነቃ ፈታኝ ግን ከረቡዕ በቀር ሦስቱንም ይሰርዝባታል። ከዚያ የሰዓት ሥዕሉ አለ፦ «11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚያሳይ ሰዓት ይሳሉ» ይላል። አስተርጓሚው በቀጥታ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ካለ፣ በአበሻ አቆጣጠር አመሻሽ ነው፤ ግድግዳዋ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ከተሞላ ትንሹን ዘንግ 5 ላይ ታደርገዋለች፣ በአበሻ ከተሞላ ደግሞ 11 ላይ። ሁለቱም የተስተካከለ አእምሮ ሥራ ነው፤ አንዱ ብቻ ነጥብ ያገኛል። መፍትሔው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «ቤትዎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ትንሹ ዘንግ የት ላይ ነው?» 3 ካሉ በአበሻ፣ 9 ካሉ በፈረንጅ ይታረም። የቁጥርና የፊደል መስመር ማገናኘት (1፣ ኤ፣ 2፣ ቢ እያሉ) የእንግሊዝኛን ፊደል ተራ ለማታውቅ ሰው ምንም አይለካም። በ«ኤፍ» የሚጀምሩ 11 ቃላት በአንድ ደቂቃ መጥራትም እንዲሁ ነው። እነዚህ ብቻ 6 ነጥብ ናቸው። በስልክ ያለው አስተርጓሚ ደግሞ ወረቀቱን አያይም፤ የምትገለብጠውን የኩብ ሥዕልና ሰዓቱን በተመለከተ የምትጠይቀውን ሊያብራራላት አይችልም።

ይህ ሁሉ እናትዎ ጤነኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ 6 ቢመለስ እንኳ 23 ነው። ቁጥሩ ገና ምንም አልነገረንም ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው ሩዳስ የተባለው ፈተና ነው፤ በአውስትራሊያ በ2004 የወጣው የተለያየ ቋንቋና ትምህርት ላላቸው ሰዎች ታስቦ ነው። የሚያስታውሱት የገበያ ዕቃ ዝርዝር፣ የገዛ አካልን ቀኝና ግራ መለየት፣ ጡጫና መዳፍ ማፈራረቅ፣ መብራትና ዜብራ የሌለው መንገድ እንዴት ይሻገራሉ የሚል ጥያቄ፣ በአንድ ደቂቃ እንስሳት መጥራት አለበት። 22ና ከዚያ በታች ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። ሁለተኛው ለቤተሰብ የሚሰጠው አይኪውኮድ የተባለ መጠይቅ ነው፤ በ16 ጥያቄዎች የዛሬዋን እናት ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረችው ጋር ያወዳድራል፤ ትምህርት አይነካውም። በ16ቱም ላይ «ምንም አልተለወጠችም» የሚል መልስ ለፍቅር ብለው እንዳይሞሉት።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ ያለክፍያ እንዲያቀርብ ሕጉ ያስገድዳል፤ ቀጠሮ ሲይዙ በአካል ወይም በቪዲዮ እንዲሆን ይጠይቁ። እርስዎ አያስተርጉሙ። ልጅ ሲያስተረጉም ሳያውቀው ይረዳል፤ እናትም በልጇ ፊት ላለማፈር ትቆጠባለች። ቀጠሮው በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይሁን፤ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የተፈተኑበት ውጤት አይታመንም። መነጽራቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው ይያዝ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሲሠሩ ሳይረዱ አጠገባቸው ይቀመጡ። ከዚህ የተሻለ የመምራት ችሎታ ፈተና በአገራችን ማእድ ቤት የለም፦ ሽንኩርቱ እየበሰለ 12 ብልት መገነጣጠል፣ በርበሬው የሚገባበትን ሰዓት መጠበቅ፣ እንቁላል መቀቀል፣ እንግዳ ሲመጣ እሳቱን አስታውሶ መመለስ። ጨው መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል ሥጋውን መጨመር፣ ወይም በርበሬውን ሁለት ጊዜ መጨመር፣ ወይም «አልችልበትም» ብሎ ለሌላ መተው ሌላ ነገር ነው። ያዩትን ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡ፤ ግን ለፈረንጅ ሐኪም ዶሮ ወጥ በአማካይ ስንት ሰዓትና ስንት ደረጃ እንዳለው ጨምረው ይግለጹለት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው፤ ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታው። እግሩም ንግግሩም ተመልሷል። ግን ካልነገርኩት አይታጠብም፣ አይበላም፤ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ልጆቹ «ሰነፈ» ይላሉ። (ከአዳማ)

መልስ፦ አልሰነፈም። ሥራን የመጀመር ኃይል ራሱን የቻለ የአንጎል ተግባር ነው፤ ስትሮክ የአንጎልን የፊት ክፍል ወይም ወደ እሱ የሚያገናኙትን መስመሮች ሲነካ «ማድረግ» ተርፎ «መጀመር» ሊጠፋ ይችላል። ከድባቴ የሚለየው ይህ ነው፦ የተደበተ ሰው ያዝናል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ ያለቅሳል፤ መነሻ ያጣ ሰው ግን ምንም አይከፋውም፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ስለሚችሉ ሐኪም ይለያቸው። የድባቴ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ግድየለሽነቱን ያባብሳል፤ ከተጀመረ በኋላ ይበልጥ ዝም ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አይበሉት፤ ምርጫው ራሱ ሥራ ነው። «ሻይ ወይስ ቡና?» ይበሉ። «ታጠብ» አሥር ያህል ሥራ ነው፤ ፎጣውን እጁ ላይ ያድርጉለት፣ ቀሪውን እጁ ያውቀዋል። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን፣ ከዜናው በኋላ ወዲያው ለምሳሌ። በአንድ ጊዜ አንድ ልማድ ብቻ ይያዙ፤ ለሁለት ሳምንት ከተሳካ ፎጣውን እጁ ላይ ከማድረግ ወንበሩ ላይ ወደ መተው ይሻገሩ። መኪና የሚነዳ ከነበረ ሳይመረመር አይንዳ።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ በደሜ ከተገኘ 14 ዓመቴ ነው። ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስልክ ካነሣሁ የጀመርኩትን ማግኘት ያቅተኛል፤ ሁለት ሰነድ ማስተያየት ያደክመኛል። ቫይረሱ ነው መድኃኒቱ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። ቫይረሱ ከተያዙ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ እዚያ የሚያስነሣው ብግነት በብዛት የሚነካው የአንጎልን የውስጥ ክፍሎችና ከፊተኛው ክፍል ጋር የሚያያዙባቸውን መስመሮች ነው። ለዚህ ነው ቅሬታው መርሳት ሳይሆን መዝገምና መቀያየር የሚሆነው። ሕክምና ከመጀመርዎ በፊት ሲዲ4ዎ (የመከላከያ ሕዋስ ቁጥርዎ) እስከ ስንት ወርዶ ነበር? በጣም ወርዶ ከነበረ፣ የዛሬው ድካም የያኔው ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ ጠባሳ ደግሞ ቫይረሱ ተዳፍኖ እያለ በየወሩ አይብስም።

ቻርተር የተባለው የአሜሪካ ጥናት በ2010 ከ1,555 ሰዎች 52 በመቶው ላይ መዳከም አግኝቷል፤ ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አስደንግጧል። ውስጡ ሲታይ ግን ትልቁ ድርሻ በፈተና ብቻ የሚታይ፣ ኑሮን የማይነካ ነው፤ ከባዱ የአእምሮ መዳከም 2 በመቶ ገደማ ነበር። መለያው ራሱ፣ በ2007 የወጣው የፍራስካቲ መስፈርት፣ በሁለት ዘርፍ ከአማካይ ትንሽ ዝቅ ያለን ሁሉ ስለሚይዝ ጤነኛውንም በብዛት ያካትታል። በእኛ እምነት እርስዎን ሊያሳስብ የሚገባው የፈተናው መለያ ሳይሆን ሥራዎ ላይ ያለው ለውጥ ነው።

ስለ መድኃኒቱ፦ ለዓመታት ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ እንቅልፍ፣ ሕልምና ትኩረት ያውካል። አሁንም እሱ ላይ ካሉ ስለ መቀየር ይጠይቁ። ዶሉቴግራቪር ላይ ካሉና እንቅልፍ ካጡ ጠዋት ይውሰዱት። በራስዎ ማቆም ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ አእምሮን ከምንም በላይ የሚጎዳው ያልታፈነ ቫይረስ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አጭር ፈተና 12 ነጥብ አለው። አራት ቃል ይነገርዎታል። ቀጥሎ በማይጽፉበት እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት በሰፊው እየከፈቱ በ5 ሴኮንድ መምታት፤ 15 ጊዜ ሙሉ 4 ነጥብ ነው። ከዚያ ጡጫ፣ መዳፍ፣ የእጅ ጎን በቅደም ተከተል በ10 ሴኮንድ አራት ዙር። መጨረሻ ቃላቱን ማስታወስ። 10ና ከዚያ በታች «ተጨማሪ ይታይ» ማለት ብቻ ነው። ፈተናው የተሠራው ለከባዱ ደረጃ ስለሆነ እንደ እርስዎ ያለውን ቀላል ችግር ሊያልፈው ይችላል፤ የጣት ሕመም ያለበትን ደግሞ ያለጥፋቱ ይጥለዋል። ስለዚህ 12 ካገኙ «ምንም የለም» ተብለው እንዳይሸኙ፤ ድባቴ፣ እንቅልፍ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ደም ማነስ ይጠየቁ። በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ከባሰ፣ ራስ ምታት ወይም የመራመድ ለውጥ ከመጣ ግን ቫይረሱ በደም ባይታይም በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለብዎት።

ሥራ ላይ፦ ስልኩ ሲጮህ ከማንሣትዎ በፊት የቆሙበትን መስመር በእርሳስ ያስምሩ፣ ቀጥሎ የሚሠራውን በሁለት ቃል ይጻፉ። ማስተያየት የሚፈልገውን ሥራ ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ያድርጉት። ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን በዓይን አያመላልሱ፤ አንዱን በማስመሪያ ይሸፍኑለት፣ በመስመር በመስመር ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ ስልኬ ላይ ብገዛ ይጠቅመኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጨዋታውን ጎበዝ ያደርግዎታል። አክቲቭ የተባለው ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 2,832 ሰዎች አሳትፎ በ2002 ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ማስታወስ የሠለጠነ ማስታወስ፣ ፍጥነት የሠለጠነ ፍጥነት ተሻሻለ፤ አንዱ ወደ ሌላው አልተላለፈም። ሉሞሲቲ የተባለው ታዋቂ ድርጅት የአእምሮ መዳከምን ይከላከላል ብሎ ስላስተዋወቀ በ2016 በአሜሪካ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ገንዘብዎን ለጫማ ያውሉት። ፊንገር የተባለው የፊንላንድ ጥናት ከ60 እስከ 77 ዓመት ያሉ 1,260 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ሲከታተል፣ የመምራት ችሎታን ያሻሻለው እንቅስቃሴ፣ አመጋገብ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊት ክትትል አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጥናቴ የሚጥል በሽታ ባለባቸው አዋቂዎች የመምራት ችሎታ ላይ ነው። የትኞቹን ፈተናዎች ልምረጥ? ምን ይበላሽብኛል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አንድ ፈተና አይበቃም። በ2000 ሚያኬና ባልደረቦቹ 137 ተማሪዎች ላይ እንዳሳዩት ችሎታው ቢያንስ ሦስት ተዛማጅ ግን የተለያዩ ክፍሎች አሉት፦ መግታት፣ መቀያየር፣ በአእምሮ ይዞ ማደስ። እያንዳንዱ ፈተና ደግሞ ከሚፈልጉት ችሎታ ጋር ፍጥነትን፣ ዓይንን፣ ትምህርትን አብሮ ይለካል። ለሦስቱም ቢያንስ አንዳንድ ይያዙ።

ለመቀያየር የተለመደውን የቁጥርና ፊደል ማገናኘት ትተው የቀለም መስመሩን (ከለር ትሬይልስ የሚባለውን) ይውሰዱ፤ ቁጥር ብቻ ማወቅ ይበቃል፤ ሁለተኛው ገጽ ሮዝና ቢጫን እያፈራረቁ መሄድ ነው። የሚተነትኑት የሁለተኛውን ገጽ ጊዜ ብቻውን ሳይሆን ከመጀመሪያው ያለውን ልዩነት ይሁን፤ አለበለዚያ የሚለኩት ዝግመትን ነው። አንዳንዱ ሰው ጨርሶ አይጨርስም፤ የማቆሚያ ሰዓት ቀድመው ይወስኑ፣ ያልጨረሰውንም ከመረጃው አይጣሉት። ለመያዝ ቁጥርን ወደ ኋላ መድገም ወይም የኮርሲ 9 ብሎኮች (ፈታኙ የነካቸውን በቅደም ተከተል መንካት) ጥሩ ናቸው፤ ብሎኮቹን አናጢ ይሠራቸዋል። ለመግታት ስትሩፕ (በሌላ ቀለም የተጻፈን የቀለም ስም ሳያነቡ ቀለሙን መናገር) ቀልጣፋ ንባብ ስለሚፈልግ ብዙ ታካሚ ላይ አይሠራም፤ በምትኩ «አንዴ ስመታ አንዴ ይምቱ፣ ሁለቴ ስመታ አይምቱ» የሚለው ቀላል ክፍል ይሻላል። በ2000 በወጣው ባለ 18 ነጥብ የፊት አንጎል ፈተና ውስጥ አለ።

የቃል ፍሰት ፈተና ብዙ ጥናት የሚያበላሽ ቦታ ነው። በ«መ» ይጀምሩ ካሉ መብላት፣ መጠጣት፣ መሄድ እያለ ማንም ደቂቃውን ይሞላዋል። በ«አ» ካሉ አልበላም፣ አይሄድም ይመጣል። «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ተ» እንዲሁ ናቸው። እንደ «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ደ»፣ «ገ» ያሉ የሰዋስው መነሻ ያልሆኑ ድምፆችን ይምረጡ፤ ሰባቱም ቤቶች ይቆጠሩ እንደሆነ አስቀድመው ይጻፉ፤ አንድ ግስ በየሰዉ እየተረባ ከመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቁጠሩ። ማንበብ የማይችሉ ካሉ በፊደል ሳይሆን በእንስሳት ይጠይቁ።

ከሕመሙ በኩል፦ ካለፈው መንቀጥቀጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ያለፈው ይፈተን፤ የመጨረሻው መቼ እንደነበረ ለሁሉም ይመዝገብ። ፌኖባርቢታል በሰፊው የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ዝግመት ያመጣል። መጠኑንና አብሮ የሚወሰደውን ካልመዘገቡ የመድኃኒቱን ውጤት የሕመሙ ነው ብለው ይጽፋሉ። ድባቴን ፒኤችኪው 9 በተባለው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ይለኩ፤ በኢትዮጵያ ተፈትሿል።

ማነጻጸሪያ ቡድን ግድ ነው፤ የሌላ አገር አማካይ ቢጠቀሙ ግማሹ ታካሚዎ «የተዳከመ» ይሆናል። በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በተማሩበት ዓመት ያዛምዱ፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ትምህርቱ ነው። አስታማሚዎች ምቹ ይመስላሉ፤ ከአንድ አካባቢና ከአንድ ኑሮ ናቸውና። ነገር ግን ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ያደረ አስታማሚ ጠዋት ሲፈተን ከታካሚው ብሶ ሊገኝ ይችላል። ለክትትል ከቤታቸው ከመጡት መካከል ይምረጡ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ ይጠይቁ። ፈታኙ ማን ታካሚ እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል፤ ካልተቻለ ቢያንስ አራሚው አይወቅ። መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ሁለት ፈታኞች በአንድ ጊዜ ተቀምጠው ያንኑ 15 ሰው ያርሙ፤ የማይስማሙበት ነጥብ ሁሉ መመሪያዎ ላይ ያልጻፉት ሕግ ነው።